በ3 ሰዓት የሚቆመው ኢንተርኔት

ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

እትዬ ደወሉ። ጣና ዳር ያለው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ናቸው። «ልጄ፣ ኢንተርኔቱ ሞቷል፤ ቶሎ ና» አሉኝ። እሳቸው ዘንድ ኢንተርኔት ወይ አለ ወይ ሞቷል፤ መሃል የለም። «ሞቷል ወይስ ይጎተታል?» ብዬ ብጠይቃቸው «ከዚህስ ቢሞት ይሻል ነበር» ብለው ዘጉት።

ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ሐምሌ ነው። ከዘምባባዎቹ ሥር ውሃ ተኝቷል፤ ባጃጁ እንደ ታንኳ እየቀዘፈ አደረሰኝ። ቤቱ 24 ክፍል፣ አንድ የስብሰባ አዳራሽና አንድ የሂሳብ ክፍል አለው። ዓርብ 60 ሰው የሚገባበት ወርክሾፕ ተይዟል። ሁለት ተናጋሪዎች ደግሞ ከአዲስ አበባ በዙም ነው የሚገቡት። እንግዲህ ያለኝ ሦስት ቀን ተኩል ነው።

ብዙ ሮሮ የመጣው ከክፍል 7 ነው። እዚያው ቆሜ በስልኬ ለካሁ፤ 3.1 ሜጋ። ቤቱ የሚከፍለው ለ50 ሜጋ ፋይበር ነው። ሌላም ነገር አየሁ። ገጽ ሲነካ ለመጀመር ይዘገያል፤ ከጀመረም በኋላ ይንፏቀቃል። ያኔ ሁለቱን ነገሮች እንደ አንድ ቆጠርኳቸው። ተሳስቻለሁ።

ሞደሙ ያለው ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ከሽንኩርት ጆንያና ከቢራ ሳጥን ጋር በአንዲት ጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ላፕቶፔን በኬብል ቀጥታ ሞደሙ ላይ ሰካሁ። 47.6 ሜጋ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ከ46 አልወረደም።

መስመር ሰጪው ነጻ ወጣ። ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የሚረገመው እሱ ነው፤ እኔም በሆዴ እየረገምኩ ነበር የመጣሁት።

ስለዚህ 47 ይገባል፣ 3 ይወጣል። መሃል ላይ ያሉት መግቢያ መውጫውን የሚጠብቀው ፋየርዎል፣ ኬብሎቹን የሚያገናኘው ስዊች፣ ኬብሉና ዋይፋይ የሚረጩት አራት አክሰስ ፖይንቶች ናቸው። ፋየርዎሉ ተራ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፤ 2 ጊጋ ራም፣ ሁለት የኔትወርክ ካርድ፣ 160 ጊጋ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ። ስገባ ዲስኩ ቅርርር እያለ ይፈጫል። ቀይ መብራቱም አንዴ እንኳ አልጠፋም። «አርጅቷል» ብዬ አለፍኩት። ይህን ዓረፍተ ነገር እዚህ የጻፍኩት ለቅጣት ነው።

ማክሰኞ

ከኬብሉ ጀመርኩ። ጣና ዳር ለሚሠራ ሰው እርጥበት የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። ወደ ሐይቁ በሚወርደው አትክልት ቦታ ያለውን አክሰስ ፖይንት ፈታሁት። የኬብሉ ጫፍ ላይ ካሉት ስምንት የመዳብ ጥርሶች ሦስቱ አረንጓዴ ለብሰዋል። ደስ አለኝ! እንግዳ ተቀባዩ ልጅ ጃንጥላ ያዘልኝ፤ ጫፉን ቆርጬ አዲስ አሰርኩ። ገመዱን ወደ ግድግዳው ጠምዝዤ ውሃ የሚንጠባጠብበትን ጉብጠት ሠራሁለት፤ ይህ ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ውሃው ወደ ጥርሱ ሳይሆን ወደ መሬት ይወርዳል።

ለካሁ። 3.4። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ አሉ፤ እዚያው እንቦጩ ከሞላበት ሐይቅ ፊት ለፊት ቆሜ።

ልጁ ፖሊ ካምፓስ ሦስተኛ ዓመት ነው። ክረምቱን እዚህ ይሠራል። «ጋሼ» ይለኛል፤ ገና 41 ዓመቴ ነው። ጎበዝ ስለሆነ ግን ይቅር ብዬዋለሁ። ላፕቶፑን ክፍል 7 በኬብል ሰክቶ፣ አይፐርፍ በሚባል የፍጥነት መለኪያ ወደ ፋየርዎሉ ብቻ እንዲለካ አደረግሁት። ይህ ፈተና ወደ ውጭ አይወጣም፤ የቤቱን ውስጥ መንገድ ብቻ ነው የሚመዝነው። 938 ሜጋ መጣ። ጊጋ ኔትወርክ ጤነኛ ሲሆን የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ስዊቹም ኬብሉም ነጻ ወጡ።

ፒንግ ሞከርን፤ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱን መጠበቅ ነው። ወጥ ነው፤ አንድም አልጠፋም። የፓኬቱን፣ ማለትም የሚላከውን ጥቅል፣ መጠን እየጨመርን ላክን። 1464 ባይት አለፈ፤ 1465 አላለፈም። መስመሩ ፒፒፒኦኢ በሚባለው ዘዴ የሚሠራ፣ አንድ ፓኬት ከ1492 ባይት የማይበልጥበት ስለሆነ ልክ መሆን ያለበት እዚያው ላይ ነው፤ 1492 ላይ 28ቱን የራስጌ ባይት ሲቀንሱ 1464 ይቀራል። እዚህም በሽታ የለም።

ፒንግ ጤነኛ ሆኖ ገጽ የሚጎተት ከሆነ አንድ ነገር መናገር ነበረበት። ፒንግ በፕሮክሲው፣ ማለትም በእንግዳውና በኢንተርኔቱ መሃል ቆሞ ገጽ በሚያመጣው ሶፍትዌር፣ ውስጥ አያልፍም። የድረ ገጽ ጥያቄ ግን ያልፋል። ይህን ለሰው አስተምራለሁ፤ ልጁም ያውቀዋል፤ «ፕሮክሲውስ ጋሼ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «እሱ ጤነኛ ነው» አልኩት። ምን አውቄ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ፕሮክሲውን በ2008 ዓ.ም. እዚህ ቤት ያስገባሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ምሳ የተጠበሰ ቆሮሶ በላን። እትዬ ሒሳብ አልቀበልም አሉ። ይህ ደግሞ ጫናውን ጨመረው።

ረቡዕ፣ ጠዋት

የላፕቶፔን አድራሻ ፕሮክሲው የማይነካቸው ዝርዝር ውስጥ ጨመርኩ። የፈጀብኝ 20 ሰከንድ ነው። ለካሁ፤ 46.2።

ከዝርዝሩ አወጣሁት። 3.0።

ደግሜ ጨመርኩት። 45.9። ልጁ ምንም አላለም። ማኪያቶውን ብቻ ጠጣ።

እንግዲህ ለሚያነብ ሰው ይህ ፕሮክሲ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ልንገር። ስሙ ስኩዊድ ነው፤ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። እንግዳው ገጽ ሲጠይቅ ጥያቄው በቀጥታ አይወጣም። ስኩዊድ መሃል ገብቶ ይቀበለዋል፣ ራሱ ሄዶ ያመጣል፣ ለእንግዳው ይሰጣል። ያመጣውንም ቅጂ ጓዳው ያስቀምጣል። ሌላ ሰው ያንኑ ሲጠይቅ ከጓዳ አውጥቶ ይሰጠዋል፤ መስመሩ አይነካም።

በ2008 መስመሩ 4 ሜጋ ነበር። ያኔ ይህ ጓዳ ወርቅ ነበር። የድሮ ደብተሬን ከቤት ይዤ መጥቻለሁ፤ ስለዚህ ቤት የጻፍኩት አንድ ገጽ ብቻ ነው። በእርሳስ እንዲህ ይላል፤ «ከጓዳ የተሰጠ፣ ከመቶ 31»። ከሚጠየቀው ሲሶው ያህል ከቤት ነበር የሚሰጠው ማለት ነው። እትዬ ያኔ መርቀውኛል።

አሁን ሎጉን፣ የፕሮክሲውን የሥራ መዝገብ፣ ከፈትኩ። ስኩዊድ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ መስመር ይጽፋል። መጀመሪያ ሰዓቱ፤ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰከንድ የተቆጠረ ስለሆነ በዓይን አይነበብም። ቀጥሎ ጥያቄው የፈጀው ጊዜ፣ በሺኛ ሰከንድ። ከዚያ የስልኩ አድራሻ፣ ውጤቱ፣ መጠኑ። ሁለተኛውን ዓምድ ብቻ ወደ ታች አነበብኩ፤ አንድ የዜና ገጽ አዲስ ሲከፈት የመጡት አጫጭር ጥያቄዎች ናቸው።

5,084። 5,112። 5,091። 310። 5,103። 280። 5,088።

እጄ ቆመ። መስመር ቢጨናነቅ ቁጥሩ የተዘበራረቀ ይሆናል፤ 1,200 ይላል፣ 7,400 ይላል፣ 600 ይላል። በአምስት ሰከንድ ላይ የሚሰለፍ ቁጥር ግን የሰው እጅ ያለበት ነው። አንድ ቦታ አንድ ነገር 5 ሰከንድ ይጠብቅና ተስፋ ይቆርጣል።

ስኩዊድ ስም ወደ አድራሻ የሚቀይርለትን ዲኤንኤስ ሰርቨር ጠይቆ መልስ ካጣ ወደሚቀጥለው ለመሄድ 5 ሰከንድ ይጠብቃል። ሳይነኩት እንዲህ ነው የሚመጣው። የስኩዊድን ቅንብር ከፈትኩ። ለብቻው የተጻፈ የዲኤንኤስ ዝርዝር አለ። የመጀመሪያው 192.168.1.1 ነው። ይህ የአሮጌው ሞደም አድራሻ ነው! ፋይበር ሲገባ ተነቅሎ የሄደው። አሁን የት እንዳለ እንጃ፤ እዚያ አድራሻ ላይ ግን ማንም የለም። ፋይበሩ ከገባ ጀምሮ ስኩዊድ እያንዳንዱን አዲስ ስም በመጀመሪያ የሚጠይቀው የሞተ ሰው ነበር። አምስት ሰከንድ ደጁ ቆሞ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤት።

ልጁ ጥሩ ጥያቄ አመጣ። «ስልኩ ራሱ አድራሻውን ጠይቆ አግኝቶ የለ? ስኩዊድ ለምን እንደገና ይጠይቃል?» አዎ፣ እዚህ ፕሮክሲው በስውር ነው የሚሠራው። ስልኩ መኖሩን አያውቅም፣ አድራሻውን ራሱ አግኝቶ ነው የሚመጣው። ስኩዊድ ግን አያምነውም። ስሙና አድራሻው እውነት የሚገናኙ መሆናቸውን በራሱ ያጣራል። አንድ አጭበርባሪ የሐሰት ስም ይዞ እንዳያልፍ ነው። ጥሩ ጥንቃቄ ነው፤ የሚጠይቀው ሰው በሕይወት ካለ።

የሞተውን አድራሻ ሰረዝኩ። ገጾች ጠብ ማለት ጀመሩ። ክፍል 7 ያሉት እንግዳ በመስኮት አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ።

ከዚያ ስፒድ ቴስት አደረግሁ። 3.3።

ያኔ ገባኝ። በሽታው ሁለት ነው። ለመጀመር መዘግየቱ አንድ፣ ከጀመረ በኋላ መጎተቱ ሌላ። አንዱን አድኜ ሌላውን አልነካሁትም።

ረቡዕ፣ ከሰዓት

የጾም ሽሮ በልተን ተመለስን። እንግዳ ተቀባዩ ልጅ በሥራው ያስተዋለውን ነገረኝ፤ «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቀጥ ይላል። ለሃያ ደቂቃ ያህል። ከዚያ ይመለሳል።» የፋየርዎሉን ግራፍ እንዲያይ ላክሁት። ተመልሶ «ጋሼ፣ በ3 ሰዓት ምንም የለም። ጭር ያለ ነው» አለኝ።

ለትንሽ ጊዜ ተፋጠጥን። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ማሽኑ የሚቆጥረው ከሌሊቱ እኩሌታ ነው። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ለእሱ 09:00 ነው። ልጁ የተመለከተው 03:00ን ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ እንግዳው ሁሉ የሚያንኮራፋበት። 09:00 ላይ ግራፉ እንደ ጉና ተራራ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በየቀኑ። ያለማቋረጥ።

የራሙን ሁኔታ አየሁ። ከ2 ጊጋው የቀረ ነገር የለም። 1.3 ጊጋ ደግሞ ወደ ስዋፕ ሄዷል። ስዋፕ ማለት ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ ከሃርድ ዲስክ የሚበደረው ቦታ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ ከራም ጋር ሲነጻጸር ቀርፋፋ አበዳሪ ነው። ቅርርር የሚለው ድምፅ ይኸው ነው። ሰኞ ስሰማው እርጅና ያልኩት።

ማን ነው የበላው? አንደኛ፣ ስኩዊድ። በ2008 «ለጓዳው የራሙን ግማሽ ስጠው» የሚል ምክር አንብቤ 1 ጊጋ ሰጥቼው ነበር። ያ ቁጥር ግን የጓዳው ብቻ ነው፤ ስኩዊድ ለሌላ ሥራው ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ ክላምኤቪ የሚባለው የቫይረስ መመርመሪያ። እሱም ከ1 ጊጋ በላይ ይዟል።

ክላምኤቪን ያስገባሁት በግንቦት 2009 ዓ.ም. ነው። ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ዓለምን ያመሰበት ወር። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው። እትዬ ዜናውን ሰምተው ደነገጡ፣ እኔም ደነገጥኩ፣ ያገኘሁትን መከላከያ ሁሉ ጫንኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። የሚያሳፍረው ዋናክራይ በድረ ገጽ አልነበረም የሚዛመተው። በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ በር፣ በ445 ነው የገባው። መድኃኒቱ ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት ያወጣው ማሻሻያ ነበር። እኔ ግን የፊት በሩ ላይ ዘበኛ አቆምኩ፤ ሌባው በጓሮ እየገባ።

ያኔ ዘበኛው ቀጭን ነበር፤ 2 ጊጋው ለሁሉም በቅቷል። የቫይረስ መለያ ዝርዝሩ ግን በየዓመቱ ይወፍራል። ዝርዝሩን ሁሉ ራም ላይ ነው የሚይዘው። ማሽኑ ባለበት ቆመ፣ ዘበኛው ወፈረ።

ረቡዕ፣ ማታ

2 ሰዓት ላይ መብረቅ። መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሦስት ደቂቃ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆየው ዩፒኤስ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል። እትዬ ደወሉ፤ «አሁንስ እውነት ሞተ» አሉ።

ተመልሼ ሄድኩ። ስልኮች ዋይፋዩን ይይዛሉ፣ ግን አንድም ስም አይፈታም። ፒንግ በቁጥር ይሠራል፣ በስም አይሠራም። የፋየርዎሉን ሰዓት አየሁ። ጃንዋሪ 1፣ 2009 እ.ኤ.አ. ይላል። የእናት ሰሌዳው ትንሿ ባትሪ ሞታለች፤ መብራቱ ሲጠፋ ማሽኑ ዕድሜውን ረሳ።

ሰዓቱ ቢሳሳት ስም ለምን አይፈታም? ፋየርዎሉ የዲኤንኤስ መልሶችን ፊርማ ያጣራል። ፊርማ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ማሽኑ ራሱን 2009 ላይ ካገኘ ዛሬ የተፈረመው ሁሉ ለእሱ ገና ወደፊት ነው። የዲኤንኤስ ሥር፣ የስሞች ሁሉ መነሻ፣ ራሱ የተፈረመው እኮ በ2010 እ.ኤ.አ. ነው! ስለዚህ ማንንም አያምንም። ሰዓቱን ለማስተካከል ደግሞ የሰዓት ሰርቨር መጠየቅ አለበት። የሰዓት ሰርቨሩ የተጻፈው በስም ነው። ስሙን ለመፍታት ትክክለኛ ሰዓት ያስፈልገዋል። ቁልፉን ቤት ውስጥ ቆልፎ እንደወጣ ሰው።

ሰዓቱን በእጄ ሞላሁ። ሁሉም ተነሳ። አንድ የሰዓት ሰርቨር በቁጥር አድራሻ ጨመርኩ፤ ይህ ቋጠሮ ዳግም እንዳይቋጠር።

ሐሙስ

በጠዋት ገበያ አካባቢ ያለ ሰዓት ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ሲአር2032 አለው። ኪሱ የሚያህል ሳጥን ውስጥ ከሴት ሰዓቶች መሃል ፈልጎ አወጣልኝ። «ለምን ሰዓት ነው?» አለኝ። «ለኮምፒውተር» ስለው ከመነጽሩ በላይ አየኝ፤ ያመነኝ አይመስለኝም።

ባትሪውን ቀየርኩ። ከዚያ ልጁና እኔ በርጩማ ስበን 3 ሰዓት እስኪሞላ ጠበቅን። ሽንኩርት ጆንያው ላይ ላፕቶፕ፣ ላፕቶፑ ላይ የራሙ ዝርዝር።

2:50 ላይ ለካን፤ 3.8 ሜጋ።

3:00 ሲሆን ክላምኤቪ አዲሱን ዝርዝር ለማውረድ ተነሳ። በቀን አንድ ጊዜ፣ 09:00 ላይ። ይህንንም ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ጠዋት ሥራ ሲጀመር ትኩስ ይሁን ብዬ። ዝርዝሩ ወረደ። ከዚያ ክላምኤቪ አዲሱን ራም ላይ መጫን ጀመረ፣ አሮጌውን ሳይለቅ። ምርመራው እንዳይቋረጥ ሁለቱን ለጥቂት ጊዜ አንድ ላይ ይይዛል። ትልቅ ማሽን ላይ ብልህ አሠራር ነው። 2 ጊጋ ላይ ግን ሁለት ዝሆን አንድ ታንኳ ላይ መጫን ነው።

ስዋፑ ከ1.3 ወደ 2.4 ጊጋ ወጣ። ዲስኩ ጮኸ። 3:04 ላይ ለካን፤ 0.4። ከምግብ ቤቱ «ኔትወርክ ጠፋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ልጁ በደስታ ጉልበቴን መታኝ። ሃያ ደቂቃ ጠብቀን ራሱ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ቀይሬ መለካት፣ ለክቼ መጻፍ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የነካ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

ክላምኤቪን አጠፋሁ። ዲስኩ ጸጥ አለ፤ እንዲህ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። 31 ሜጋ። የስኩዊድን የራም ጓዳ ከ1 ጊጋ ወደ 256 ሜጋባይት አወረድኩ፤ 37። የዲስክ ጓዳውን ዘጋሁ፤ 43።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ግን ጥያቄው ቀረኝ። ይህ ፕሮክሲ አሁን ምን ይሠራል?

ያለፈውን ሳምንት ሎግ ቆጠርኩ። ከ100 መስመር 94ቱ የተቆለፈ መተላለፊያ ናቸው። ዛሬ ገጹ ሁሉ ከሞላ ጎደል ኤችቲቲፒኤስ ነው። ስልኩና ሰርቨሩ በመካከላቸው ተቆላልፈው ነው የሚያወሩት። ስኩዊድ ወደማን እንደሚሄድ ያያል፣ ምን እንደያዘ አያይም። የማያየውን ጓዳ ሊያስቀምጥ አይችልም። የማያየውን ክላምኤቪም ሊመረምር አይችልም። ያ ሁሉ ራም ተበልቶ፣ ዘበኛው የሚፈትሸው ከመቶ ስድስቱን ነበር። ከጓዳ የተሰጠው ደግሞ ከመቶ 2።

ቁልፉን የሚከፍቱበት ዘዴ አለ። በእያንዳንዱ ስልክ ላይ የፋየርዎሉን ሰርተፍኬት መጫን ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ላይ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። እንግዳን ግን «ይህን ጫንልኝና የባንክህንም የሚስትህንም መልእክት መሃል ላይ ልክፈት» ማለት ነው። አላደርገውም።

እትዬን ጠራኋቸው። «ያስገባሁትን ላወጣው ነው» አልኳቸው።

«ምነው፣ ገንዘብ ከፍዬበት?»

«ያኔ ያስፈልግ ነበር። አሁን መስመሩ አደገ፣ ዕቃው አረጀ፣ ዓለሙም ተቆለፈ።»

«እሽ፤ ግን እኔ ያኔ የጠየቅኩህ አንድ ነገር ነበር። አንዱ ፊልም ሲያወርድ ሌላው እንዳይጠማ።»

እውነታቸውን ነው። ያኔም የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር፤ ጓዳም ዘበኛም አልጠየቁኝም። እኔ ነኝ የተማርኩትን ሁሉ የደረደርኩላቸው።

ስኩዊድን አጠፋሁ። 46.8። ለእያንዳንዱ ስልክ 4 ሜጋ ጣሪያ ሠራሁ። ለአዳራሹ 20 ሜጋ ለብቻው አስቀመጥኩ። ነውረኛና ቫይረስ የሚያሰራጩ ገጾችን ለመከልከል ዲኤንኤሱን ወደ 1.1.1.3 አዞርኩ፤ የክላውድፍሌር የቤተሰብ አድራሻ ነው፣ እንደዚያ ያሉትን ስሞች አይፈታም። ፍጹም አይደለም፣ የሚያውቅ ሰው ያልፈዋል። ግን አንድ ባይት ራም አይበላም።

በመጨረሻ ዙምን ሞከርን። ምስሉ ይቆራረጣል። በዚህ ሁሉ ፍጥነት? የፋየርዎሉን ሕግ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ሁሉም በፕሮክሲው እንዲያልፍ ብዬ የዩዲፒን፣ መድረሱን ሳይጠብቅ የሚልከውን ዘዴ፣ መውጫ ዘግቼ ነበር። ዙም ምስልና ድምፅ የሚልከው በዩዲፒ፣ ከ8801 እስከ 8810 ባሉት በሮች ነው። ሲዘጋበት በቲሲፒ ይሄዳል፤ እዚያ አንድ ፓኬት ከጠፋ የኋለኛው ሁሉ ቆሞ ይጠብቀዋል። ለፋይል ጥሩ ነው፣ ለወሬ አይሆንም። ከፈትኩት። የልጁ ፊት በስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ መጣ፤ ብጉሩ ሳይቀር።

ዓርብ

የራሴን ዩፒኤስ ከቤት አምጥቼ ሰካሁ። 60 ሰው ገባ። የመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች ስልኮች ሁሉ ፎቶ መጫንና ራሳቸውን ማሻሻል ጀመሩ፤ ግራፉ አደገ፣ ጣሪያው ያዘው። ሁለቱም ተናጋሪዎች ያለ መቆራረጥ ተናገሩ። 5 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ ዙሙ አልተቋረጠም። ፕሮጀክተሩ ግን ጠፋ። እሱ የእኔ ኃላፊነት አይደለም።

ምሳ በያይነቱ።

ሰኞ፣ ጠዋት

2:45 ላይ ደረስኩ። በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። 3:00፣ 46.1። 3:04፣ 45.7። 3:20፣ 46.4። ዲስኩ ዝም ብሏል፤ ቀይ መብራቱ አንዳንዴ ብቻ ብልጭ ይላል።

ራም ለመጨመር አስቤ ነበር። የድሮው ዲዲአር2 የሚባለው ዓይነት ነው፤ አሁን እሱን ከመፈለግ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቶ መፍታት ይቀላል። ፕሮክሲው ከወጣ ደግሞ 2 ጊጋው ይተርፋል። ተውኩት።

አዲሱን ቅንብር ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። በወረቀትም ሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ የትኛው አድራሻ የማን እንደሆነ፣ ምን እንደጠፋና ለምን፣ የባትሪዋ ቀን። ሞደሙ ከተቀየረ መጀመሪያ የዲኤንኤሱ ዝርዝር ይታይ የሚለውን በቀይ አሰመርኩበት። አንዱን ቅጂ ለልጁ ሰጠሁት። ሌላውን እትዬ ሁለት ቦታ አጥፈው ከፍላሹ ጋር የደረሰኞች መሳቢያቸው ውስጥ፣ ከመብራት ክፍያው በላይ አስቀመጡት።